ወጪው በማን ላይ ያርፋል?

የወታደራዊ ትብብር ስምምነት ረቂቅ ጠረጴዛዬ ላይ ሲደርስ መጀመሪያ የምገልጠው መጨረሻውን ነው። መግቢያውን ሳላነበውም አውቀዋለሁ፤ ስለ ወንድማማችነት፣ ስለ ጋራ ዕጣ ፈንታ፣ አንዱ ሲነካ ሁሉም እንደሚነካ ይናገራል። አባሪው ላይ ግን ስንት ወታደር፣ በስንት ቀን ውስጥ፣ በማን አውሮፕላን፣ በማን ነዳጅ እንደሚጓዝ፣ ቢቆስል የት እንደሚታከም፣ ቢሞት ለቤተሰቡ ስንትና ከየትኛው ሒሳብ እንደሚከፈል በሠንጠረዥ ተዘርዝሯል። አንዳንዴ ደግሞ ምንም አልተዘረዘረም። ያልተዘረዘረ ከሆነ መግቢያው ምንም ያህል ቢያምር በእጃችን ያለው የመልካም ምኞት መግለጫ ነው።

ይህን ልማድ ያስያዙኝ በሥራ ላይ ያገኘኋቸው አንድ የሎጂስቲክስ ኮሎኔል ናቸው። እኔ የሕግ ባለሙያ ነኝና ስለ መርሆዎች ማብራራት እወድ ነበር። እሳቸው በትዕግሥት ያዳምጡኝና፣ «ወንድሜ፣ እሱ ጥሩ ነው። አሁን አባሪውን አሳየኝ» ይሉኛል። ጣታቸውን በሠንጠረዡ ላይ እያሳለፉ ሲወርዱ ባዶ ቦታ ያገኙ እንደሆነ ቆም ይላሉ። «ይቺን ማን ነው የሚሸፍናት?» ከዚህ ጥያቄ በኋላ ስብሰባው ውስጥ ዝም የሚለውን ሰው ማየት ብቻ ብዙ ያስተምራል።

አንድ ሻለቃ ጦር በተባበሩት መንግሥታት ድርጅት ሥር ለሰላም ማስከበር ሲሰማራ አባሪው ምን እንደሚመስል ለማያውቅ አንባቢ ጥቂት ልግለጸው። ብረት ለበሱ፣ ቦቴው፣ ጀኔሬተሩ፣ የውኃ ማጣሪያው፣ የመስክ ወጥ ቤቱ አንድ በአንድ በመስመር ይሰፍራል። ከጎኑ ጥገናው የላኪው አገር ይሁን ወይስ የሌላ ወገን ይጻፋል፤ የወር ተመላሽ ክፍያውም የሚሰላው በዚያ ነው። ከዚያ መርማሪዎች ሰፈሩ ድረስ ይመጣሉ። ሞተሩን አስነስተው ያዳምጣሉ፣ የሻሲውን ቁጥር ከዝርዝሩ ጋር ያመሳክራሉ፣ ጎማውንና ሬዲዮውን ያያሉ። ብረት ለበሱ መንገድ ለመንገድ እንደ ልቡ የሚሄድ ቢሆን እንኳ ላዩ ላይ የተተከለው መትረየስ ካልሠራ እንደ ውጊያ ተሽከርካሪ አይቆጠርም። መለዋወጫው ከአገር ቤት እስኪመጣ ክፍያው ይቀነሳል። ጦር ለሚያዋጣ ድሃ አገር ይህ ትልቅ ጉዳት ነው፤ ሕይወት እየከፈለ ያለ ጦር በአንድ የተሰበረ ዕቃ ምክንያት ሒሳቡ ይጎድላል። ያም ሆኖ ይህን ደረቅ ሠንጠረዥ እወደዋለሁ። ማን ምን እንዳመጣና ማን ምን እንዳለበት የሚናገር ሌላ ወረቀት የለንም።

በሥራዬ ደጋግሜ የማነጻጽራቸው ሦስት አንቀጾች አሉ። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።) በቃል ደረጃ ከሁሉም የበረታው የዓለም መንግሥታት ማኅበር ቃል ኪዳን አንቀጽ 16 ነው። ቃል ኪዳኑን ጥሶ ጦርነት የከፈተ አባል በሌሎቹ አባላት ሁሉ ላይ እንደዘመተ ይቆጠራል ይላል፤ የንግድና የገንዘብ ግንኙነትም ወዲያውኑ እንዲቋረጥ ያዛል። ሁለተኛው በ2009 ሥራ ላይ የዋለው የሊዝበን ስምምነት ያመጣው የአውሮፓ ኅብረት አንቀጽ 42 ንዑስ አንቀጽ 7 ነው። አንድ አባል በግዛቱ ላይ የትጥቅ ጥቃት ከደረሰበት ሌሎቹ በሚችሉት ሁሉ የመርዳት ግዴታ አለባቸው። ሦስተኛው ስሙ የገነነው፣ በ1949 ዋሽንግተን ላይ የተፈረመው የሰሜን አትላንቲክ ቃል ኪዳን አንቀጽ 5 ነው። በአንዱ ላይ የተሰነዘረ ጥቃት በሁሉም ላይ እንደተሰነዘረ ይቆጠራል ካለ በኋላ፣ እያንዳንዱ አባል ያስፈልጋል ብሎ የሚያምንበትን እርምጃ ይወስዳል በማለት ውሳኔውን መልሶ ለየመንግሥታቱ ይተወዋል። የአሜሪካ ሴኔት ሳይመክርበት ወደ ጦርነት የሚያስገባውን ጽሑፍ አያጸድቅም ነበርና አርቃቂዎቹ ሌላ ምርጫ አልነበራቸውም።

በቃላት ብርታት ብንመዝናቸው አንደኛ የሚወጣው አንቀጽ 16፣ መጨረሻ የሚሆነው አንቀጽ 5 ነው። በታሪክ የሆነው ተገላቢጦሹ ነው።

የአንቀጽ 16ን ዕጣ ኢትዮጵያዊ አንባቢ ያውቀዋልና ወልወልንና ማይጨውን አልተርክም። ኢጣሊያ በኦክቶበር 1935 ወረረች፤ ማኅበሩ በቀናት ውስጥ ጥፋተኛ አላት፤ ኖቬምበር 18 ላይ ማዕቀቡ ተጀመረ፤ ነዳጅ አልተካተተም፤ የስዊዝ ቦይ አልተዘጋም። እኔን በሙያዬ የሚያሳስበኝ ብዙ ጊዜ የማይነሳው የዚሁ አንቀጽ ሦስተኛ ንዑስ ክፍል ነው። አባላቱ በማዕቀቡ ምክንያት የሚደርስባቸውን ኪሳራ ለመቀነስ እርስ በርስ እንዲደጋገፉ ይደነግጋል። አርቃቂዎቹ የኮሎኔሉን ጥያቄ ጠይቀው ነበር ማለት ነው። ጄኔቫ ላይ ማዕቀቡን ያቀናበረው ኮሚቴ ካወጣቸው አምስት ሐሳቦች የመጨረሻውም ይኸው መደጋገፍ ነበር። ከኢጣሊያ ጋር ብዙ ትነግድ የነበረችው ዩጎዝላቪያ ገበያዋን ስታጣ ጉድለቷን ማን እንደሚሸፍን ግን በሠንጠረዥ የሰፈረ ነገር አልነበረም። መርህ ነበረ፤ አባሪ አልነበረም።

ለተጠቂው ወገን ደግሞ ከዚያም የባሰ ነው። ፊንላንድ በ1920ዎቹ አጋማሽ አንድ ብልህ ሐሳብ አቅርባ ነበር፤ ወረራ የደረሰበት ትንሽ አገር መሣሪያ መግዣ ገንዘብ እንዲያገኝ ሌሎቹ አስቀድመው ለብድሩ ዋስ ይሁኑለት የሚል። በ1930 ስምምነቱ ተፈረመ። ሆኖም ሥራ ላይ የሚውለው የትጥቅ ቅነሳ ስምምነት ሲጸና ነው ተብሎ ስለታሰረ፣ ያኛውም ሳይጸና ስለቀረ፣ ኢትዮጵያ በተወረረች ጊዜ የሞተ ወረቀት ነበር። ንጉሠ ነገሥቱ ጁን 30 ቀን 1936 በጄኔቫ ያደረጉትን ንግግር ሁላችንም እናውቃለን፤ ፎቶግራፉም በየቤቱ አለ። ከአራት ቀን በኋላ ስለተሰጠው ድምፅ የሚያውቀው ግን ጥቂት ሰው ነው። ኢትዮጵያ ትግሉን ለመቀጠል የ10 ሚሊዮን ፓውንድ ብድር ዋስትና ጠየቀች። 23 አገራት ተቃወሙ፤ 25 ድምፀ ተአቅቦ አደረጉ፤ የደገፈችው አንዲት አገር ናት፤ እሷም ኢትዮጵያ። በዚያ ወር ማዕቀቡም ተነሳ። ስለ ጋራ ደኅንነት ውድቀት የተጻፉ መጻሕፍት ብዙ ናቸው። እኔ ግን ለወጣት ባለሙያዎች ስልጠና ስሰጥ ከሁሉ አስቀድሜ ሰሌዳ ላይ የምጽፈው ይህንን የድምፅ ውጤት ነው። ሊያዝኑልን የተዘጋጁ ብዙ ነበሩ፤ ዋስ ሊሆን የተዘጋጀ አልነበረም።

አንቀጽ 5 የተለየ መንገድ የሄደው ለምንድን ነው? ከአንቀጹ ኋላ ጥቃት ከመድረሱ በፊት የተቋቋመ የጋራ ዕዝ፣ በአውሮፓ ምድር የተዘረጋ የነዳጅ ቧንቧ መስመር፣ በጋራ የተያዘ ንብረት ስላለ ነው። አንቀጹ በታሪኩ አንዴ ብቻ፣ ሴፕቴምበር 12 ቀን 2001 ተጠቀሰ፤ ያውም አሜሪካ አውሮፓን እንድታድን ታስቦ የተጻፈው አንቀጽ አሜሪካን ለመርዳት ዋለ። አዋክስ የሚባሉ የራዳር አውሮፕላኖች ከአውሮፓ ወደ አሜሪካ ሰማይ ተላኩ፤ ሰባት አውሮፕላኖችና ከ13 አገራት የተውጣጡ 830 ሰዎች ከኦክቶበር 2001 እስከ ሜይ 2002 የአሜሪካን ሰማይ ጠበቁ። እነዚህ አውሮፕላኖች የአንድ አገር አይደሉም፤ የድርጅቱ የጋራ ሀብት ናቸው፤ ሰፈራቸው ጀርመን፣ የተመዘገቡት በሉክሰምበርግ ስም ነው። «የማን አውሮፕላን ይሂድ? ማን ይክፈል?» የሚል ክርክር አላስፈለገም። ዋጋው ከዓመታት በፊት በመዋጮ ተከፍሎ አልቋል።

ቀጥሎ የመጣው የአፍጋኒስታን ዘመቻ ግን በየአገሩ ወጪ የሚካሄድ ነበርና መልኩ ሌላ ነው። አንዳንዱ አገር ጦሩን ልኮ ከዚህ ክልል አይወጣም፣ በሌሊት አይንቀሳቀስም የሚል ገደብ አያያዘለት። እንደ ዴንማርክ ያለች ትንሽ አገር ደግሞ ከባዱ ቦታ ሄልማንድ ገብታ ከ40 በላይ ወታደሮቿን ቀበረች። ሁለቱም በአንድ ባንዲራ ሥር ነበሩ።

ስለ አውሮፓው አንቀጽ 42 ስናነሳ ኖቬምበር 2015 ይመጣል። በፓሪስ 130 ሰዎች ከተገደሉ ከአራት ቀን በኋላ የፈረንሳይ መከላከያ ሚኒስትር ዣን ኢቭ ለ ድሪያን ብራስልስ ላይ ይህን አንቀጽ ለመጀመሪያ ጊዜ ጠቀሱት፤ ባልደረቦቻቸውም ያለ አንድ ተቃውሞ እሺ አሉ። እዚህ ላይ አንድ የሙያ ብልሃት አለ። በኅብረቱ ውል ውስጥ ለሽብር ጥቃት ተብሎ በግልጽ የተጻፈ ሌላ የአጋርነት አንቀጽ፣ ቁጥር 222፣ ነበረላቸው። እሱን ቢመርጡ ጉዳዩ በኅብረቱ ተቋማት በኩል ያልፍ ነበር። አንቀጽ 42 ግን ከአገር ወደ አገር ነው፤ ፈረንሳይ እያንዳንዱን መንግሥት ለብቻው ጠርታ የምትፈልገውን በዝርዝር መጠየቅ ቻለች። ጀርመን የቅኝት አውሮፕላኖችንና የፈረንሳይን የአውሮፕላን ተሸካሚ መርከብ የሚያጅብ የጦር መርከብ ላከች፤ ማሊ ላይም እስከ 650 ወታደር ለማሰማራት ተዘጋጀች፤ የፈረንሳይ ጦር ሸክም እንዲቀልለት። ብሪታኒያ ቆጵሮስ ያለውን የአየር ሰፈሯን ክፍት አደረገች። ገለልተኛ ለሆኑት እንደ አየርላንድና ኦስትሪያ ላሉት አንቀጹ ራሱ መውጫ ስላስቀመጠ ማንም አልተገደደም። አንድ አገር ሲጨንቀው ዓለምን በጅምላ ከመጥራት ይልቅ አንተ ይህን፣ አንተ ያን ብሎ ቢጠይቅ ምን እንደሚያገኝ ከዚህ የተሻለ ምሳሌ አላውቅም።

ግን ያው አውሮፓ ከ2007 ጀምሮ እያንዳንዳቸው 1,500 ያህል ወታደር ያላቸውን የተጠባባቂ የውጊያ ቡድኖች በየስድስት ወሩ እያፈራረቀ ሲያዘጋጅ ኖሮ አንዱንም ለውጊያ አሰማርቶ አያውቅም። በ2008 መጨረሻ ምሥራቃዊ ኮንጎ ስትታመስ የተባበሩት መንግሥታት ድርጅት ክፍተቱን የሚሸፍን ጦር ጠየቀ። በተጠባባቂነት ተራ ላይ የነበሩት በጀርመንና በብሪታኒያ የሚመሩ ቡድኖች ነበሩ፤ አልሄዱም። ምክንያቱ አንድ ብቻ አይደለም፤ የፖለቲካ ፈቃድም ጎድሏል። ነገር ግን ከምክንያቶቹ የማይታለፈው ወጪው ሁሉ ማለት ይቻላል በላኪው አገር ላይ ያርፋል የሚለው ደንብ ነው። የኅብረቱ ውል ወታደራዊ ወጪ ከኅብረቱ መደበኛ በጀት እንዳይወጣ ይከለክላል፤ በጋራ የሚሸፈነው ትንሽ ነው። ስለዚህ አደጋው በተራህ ወቅት ከደረሰ የሁሉንም ዕዳ አንተ ትከፍላለህ። እድር በዚህ ደንብ ቢሠራ ኖሮ ቀብር የሚያስፈጽመው በዚያ ሳምንት ተራ የደረሰው ጎረቤት ብቻ ይሆን ነበር፤ የእኛ እናቶችና አባቶች መዋጮውን በየወሩ፣ ሞት ሳይመጣ የሚሰበስቡት ለዚህ ነው። አውሮፓም ይህንን ዘግይታ አየችው። በ2021 የሰላም ማስፈጸሚያ ፈንድ ተቋቋመ፤ ለዩክሬን መሣሪያ ለላኩ አገራት ተመላሽ የሚከፈለው ከዚህ ነው፤ ጣሪያውም ከ17 ቢሊዮን ዩሮ በላይ ደርሷል። እዚያም ውሳኔው በሙሉ ድምፅ ስለሆነ ሃንጋሪ ብቻዋን በቢሊዮን የሚቆጠር ገንዘብ አግታ መያዝ ችላለች።

ወደ ቤታችን ስመለስ ነገሩ ይከብደኛል። በ2004 የአፍሪካ መሪዎች ሲርት ላይ የጋራ የመከላከያና የደኅንነት ፖሊሲ አወጁ፤ በ2005 አቡጃ ላይ ያለመወራረርና የጋራ መከላከያ ውል ተቀበሉ። በአጻጻፋቸው ከአውሮፓው አያንሱም። አምስት ቀጣናዊ ተጠባባቂ ኃይሎችም ታቀዱ፤ የምሥራቁ ኃይል የሎጂስቲክስ ሰፈር አዲስ አበባ ነው። በተግባር የአፍሪካን አጋርነት የተሸከመው ግን የሶማሊያው ተልእኮ ነው። በ2007 ኡጋንዳ ብቻዋን ሞቃዲሾ ገባች፤ ብሩንዲ ተከተለች፤ ጅቡቲና ኬንያ መጡ፤ ኢትዮጵያ በጃንዋሪ 2014 ከአራት ሺህ በላይ ወታደር ይዛ በይፋ ተቀላቀለች። ሞቱ የአፍሪካውያን ነው። የወር አበሉ፣ በአንድ ወታደር 1,028 ዶላር፣ ከአውሮፓ ኅብረት ነበር።

በ2016 መጀመሪያ ኅብረቱ ከዚህ ድጋፍ 20 በመቶ ቀነሰ። ጦርነቱ በ20 በመቶ አልቀነሰም። በዚያው ዓመት አውሮፓ ከብሩንዲ መንግሥት ጋር በፖለቲካ ተጣላችና ገንዘቡ በመንግሥቱ እጅ እንዳያልፍ ፈለገች፤ የብሩንዲ ወታደሮች ለወራት ሳይከፈላቸው ምሽግ ውስጥ ቆዩ፤ ቡጁምቡራም ጦሬን አወጣለሁ እስከማለት ደረሰች። አውሮፓን በዚህ አልወቅስም፤ የራሷን ግብር ከፋይ ገንዘብ የት እንደሚሄድ የመጠየቅ መብት አላት። ወቀሳዬ በራሳችን ላይ ነው። ለአጋርነታችን ዋጋ ሌላው እንዲከፍል ከተውን የአጋርነታችን ዕድሜ የሚወሰነው በሌላው አገር ምርጫና በጀት ነው።

የተጀመረ ነገር ግን አለና እሱን ማሳነስ አልፈልግም። በጁላይ 2016 ኪጋሊ ላይ አባል አገራት ከተወሰኑ ወደ አገር ከሚገቡ ዕቃዎች 0.2 በመቶ ቀረጥ ሰብስበው ለአፍሪካ ኅብረት እንዲያስገቡ ተወሰነ፤ የሰላም ፈንዱንም 400 ሚሊዮን ዶላር ለማድረስ ታቀደ። ዲሴምበር 2023 የጸጥታው ምክር ቤት በውሳኔ 2719 በአፍሪካ ኅብረት ለሚመሩ የሰላም ተልእኮዎች እስከ 75 በመቶ የሚሆነው ወጪ ከተባበሩት መንግሥታት መደበኛ መዋጮ ሊሸፈን እንደሚችል ተስማማ። የቀረውን 25 በመቶ ከዓለም አቀፉ ማኅበረሰብ ማሰባሰብ የአፍሪካ ኅብረትና የተባበሩት መንግሥታት ድርጅት የጋራ ድርሻ ነው። በእኔ እይታ ከሁለቱ ቁጥሮች የሚበልጠው 25ቱ ነው። 75ቱን የሚሰጠን ሌላ ነው፤ በየጊዜውም በድምፅ ይወሰናል። 25ቱ ግን በእኛ ቀረጥ ሊሰበሰብ ይችላል።

ሁሉን በገንዘብ የምለካ ለሚመስለው አንባቢ የቃኘው ሻለቃን ላስታውስ። ኢትዮጵያ ከጄኔቫው ድምፅ ከ15 ዓመት በኋላ ወታደሮቿን ወደ ኮሪያ ስትልክ ለእሷ ያልቆመውን የጋራ ደኅንነት ለሌላው በመቆም ልታጸናው ነበር። 121 ሰው ሰጠች፤ አንድም ወታደር አላስማረከችም። ከደም የሚበልጥ መዋጮ የለም። በኔ ዘመን ደግሞ ኢስቶኒያን አያለሁ። ከአዲስ አበባ እጅግ ያነሰ ሕዝብ ያላት አገር ከ2018 ጀምሮ ለፈረንሳይ ድጋፍ ማሊ በረሃ ወታደሮች ላከች። የሰሜን ማሊ ችግር በቀጥታ አይነካትም። የፈረንሳይ ወታደሮች ግን ከ2017 ጀምሮ ታፓ በምትባለው የኢስቶኒያ ከተማ፣ ከሩሲያ ድንበር ብዙ ሳይርቁ፣ ከእንግሊዞች ጋር ሰፍረው ነበር። ማንም ማንንም በውል አላስገደደም። አንዱ የሌላውን ፍርሃት እንደራሱ ፍርሃት ቆጥሮ ዋጋውን ቀድሞ ከፈለ።

እኔ ግን ስምምነት አርቃቂ ነኝ፤ በእንዲህ ዓይነቱ ደግነት ላይ ብቻ የሰውን ልጅ ሕይወት ማሳረፍ አልችልም። ምሽግ ውስጥ ያለው ወታደር ደመወዙ በወሩ እንዲደርስ፣ ቢቆስል ሄሊኮፕተሩ የሚነሳበት ነዳጅ እንዲኖር፣ ቢሞት ባለቤቱ ካሳውን ለመቀበል ዓመት ሙሉ ቢሮ እንዳትመላለስ የሚያደርገው በቅድሚያ የተጻፈና የተመደበ ነገር ነው።

በሕገ መንግሥታችን አንቀጽ 55 መሠረት የአስፈጻሚው አካል የሚፈርማቸውን ዓለም አቀፍ ስምምነቶች የሚያጸድቀው የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ነው። የመከላከያ ትብብር ስምምነት ሲቀርብላችሁ፣ የተከበራችሁ አባላት፣ ስለ ወዳጅነት የተጻፈውን አንብባችሁ እጃችሁን አታንሡ። አባሪውን ጠይቁ። ከሌለው እንዲዘጋጅለት ወደ ቋሚ ኮሚቴው መልሱት።